ሞላ በዛችን ሊጠይቅ ሦስቴ ሄደ

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ ዶፍ ወረደ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ አንዲት የገጠር ሴት የጤፍ ጆንያዋን በነጠላዋ ልትሸፍን ትታገላለች። ባለቤቱ ሞላ ወጣና የራሱን የዝናብ ልብስ አውልቆ ጆንያው ላይ ጣለላት። ከዚያ እየበሰበሰ፣ «ዛሬ አይፈጭም፤ ፈጪዋ ታማለች» አላት።

ሞላ በዚሁ ወፍጮ ቤት ጆንያ በመሸከም ጀምሮ ባለቤት የሆነ ሰው ነው። ፈጪዋ በዛች ስምንት ዓመት ሠርታለታለች። ሳል ሲጠናባት ጤና ጣቢያ የአምስት ቀን ፈቃድ ጻፈላት። አምስቱ ቀን አለቀ፤ ሳሉ አላለቀም። በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ነጋዴ፣ «ከላላ ከተማ ሌላ ወፍጮ ቤት ተቀጥራለች» ብሎ ለሞላ ነገረው። ሞላም ቆረጠ፦ ወይ አዲስ ወረቀት ታመጣለች፣ ወይ ሰኞ ሌላ ሰው ይቀጥራል።

ግን በሽተኛ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ሙዝ ገዛ። ሙዝ ይዞ የገባ ሰው ደግሞ «ወረቀትሽ የታለ?» አይልም። ከላላ አለመሄዷን በዓይኑ አየ፤ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ፣ ስለ ዝናቡ አውርቶ ወጣ። በማግሥቱ ቁርጡን ሊነግራት ብርቱካን ይዞ ተመለሰ። ጎረቤቶች፣ «አሠሪ ማለት እንዲህ ነው!» ብለው መረቁት። አሜን ብሎ ሄደ።

በሦስተኛው በዛች ከመደቧ ቀና አለች።

«ጋሽ ሞላ፣ ልሞት ነው ወይስ ሊያሰናብቱኝ?»

«ምነው?»

«ሦስቴ መጡ። ዘመዶቼ እንኳ አንዴ ነው የመጡት።»

«በይ ዝም በይ! እስክትድኚ እኔው እፈጫለሁ።»

ሊል የመጣው ይህን አልነበረም።

እሷም አላመነችውም። በነጋታው ሳሏን በነጠላ አፍና ሥራ ገባች። ደጃፉ ላይ ሳሉ አላራምድ አላት። ሞላ ባጃጅ ጠርቶ ወደ ቤቷ መለሳት።

ትናንት ጎራ ብል ሞላ እስከ ቅንድቡ ዱቄት ሆኗል፤ ሴቶቹ ከበው «ሽርክት ነው!» ይሉታል። የእግዚአብሔርን ቸርነት በሰው ላይ ማየት ደስ ይለኛል፤ ዱቄቱ ግን እውነትም ሽርክት ነበር።

«አንተ ሰው» አለኝ ወደ ጥግ ስቦ፣ «ነገም ተነሥታ ሥራ ከመጣች ትሞትብኛለች። እኔ ደግሜ ብሄድ ትደነግጣለች። ሰንበቴያችሁ አንድ ነው፣ አንተን ትሰማለች። እባክህ ሂድና ቦታዋን ማንም እንደማይነካው አሳምንልኝ።»