ልጄን ከሙታን ጋር የቆጠረው ኮምፒውተር

ከወገራ የወጣሁት ቤታችንን ባቃጠሉት ሌሊት ነው፤ ሊነጋጋ ሲል፣ አመዱ ሳይበርድ። ሕፃኗን አዝዬ ታላቅየውን አንዳርጌን በእጁ ያዝሁት። የባሌ ታላቅ ወንድም አያ ሞላ መንገዱን ዘጋብኝ።

«አንቺ ሂጂ። እሱ አይሄድም።»

«ምነው አያ ሞላ! ገና ልጅ እኮ ነው!»

«የአባቱ ደም ሳይመለስ የትም አይሄድም።»

እጁን አለቅም ስል በጠመንጃው ሰደፍ ትከሻዬን መታኝ። ጣቶቼ ተፈቱ። ዛሬም ሲበርድ ያ ትከሻዬ ያስታውሰኛል።

ቤቱን ያቃጠሉት ሰዎች አስቀድመው ባሌን በእርሻ ወሰን ጠብ አውድማ ላይ ገድለውት ነበር። ታናሽ ወንድሙን ካሣን ደግሞ ሬሳውን ሊያነሣ ሲጎነበስ። ደም የነካውን ጤፍ የሚቀምስ ጠፋ፤ ወፍ በላው።

መተማንና ሱዳንን አልተርክም፤ የሄደበት ያውቀዋል። አሁን ያለሁት ስዊድን ነው። የደባርቅ ብርድ እንኳ ፀሐይ ሲወጣ ይለቃል፤ የዚህ ግን ቤት ድረስ ተከትሎ ይገባል። ዳቦው ስኳር አለበት። ጎረቤት አሳንሰር ውስጥ ቢያገኝሽ «እንዴት አደርሽ» እንዳይልሽ ግድግዳ ያያል።

እዚህ ሆኜ አንዳርጌን ላስመጣው ለመንሁ። አያ ሞላ ማነጣጠር እያስተማረው እንደሆነ ልጁ ራሱ በስልክ ነግሮኛል፤ ሳይገድል ወይም ሳይገደል ላወጣው ነው ጥድፊያዬ። የስደተኞች ቢሮው ከቤተሰቡ ማን እንደሞተና ማን በሕይወት እንዳለ ጽፈሽ አምጪ አለኝ፤ በአማርኛም ይሆናል፣ ግን በኮምፒውተር።

የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቢብሊዮቴክ የሚሉት የመጻሕፍት ቤት ገብቼ በአንድ ጣት ጻፍሁ። እናቴ ለነፍስ አባታችን ስም ስታጽፍ እንደምታደርገው ሙታኑን ከላይ፣ ሕያዋኑን ከሥር አደረግሁ። ተራ ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሰጣል። ደስ ብሎኝ ደግሜ ሳላየው አትሜ ወሰድሁ።

አስተርጓሚው ወረቀቱን ለቢሮዋ ሹም አነበበላትና አንገቱን ደፋ።

«ልጅሽ ሞቷል ትላለች።»

«ምን?!»

«ሟቾች ይላል። አንድ ባልሽ፣ ሁለት ካሣ፣ ሦስት አንዳርጌ። ለሞተ ሰው ቪዛ አይሰጥም።»

«በሕይወት ያሉ» ያልሁትን መስመር ፕሮግራሙ ውጦት ቁጥሩን ቀጥሎበታል። አራተኛዋ ሟች ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች።

«ይችንስ ጠይቅልኝ፤ ይችም ሙታ ነው?»

ሹሟ ልጅቱን አየች፣ ወረቀቱን አየች። «አስተካክለሽ አምጪ» አለች።

ወደ መጻሕፍት ቤቱ ተመለስሁ። መስመሩን ስጽፈው ይጠፋል። ቁጥሩን ስሰርዘው ስሞቹ ዘለው ከሙታኑ ሥር ይገባሉ። አንዳርጌን አወጣዋለሁ፣ ይመልሰዋል። አወጣዋለሁ፣ ይመልሰዋል። እዚያ የምትሠራው የአስመራ ልጅ ሰናይት መጣች።

«እትዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ብልሽቱ የፕሮግራሙ ነው። ለሠሩት ሰዎች ጽፌላቸው ነበር።»

«ምን አሉ?»

«ስለ ጻፉልን እናመሰግናለን።»

የኮምፒውተሩን መጻፊያ ሰሌዳ በቡጢ መታሁት። ደገምሁት። ፊደሎቹ ከሰሌዳው እየተነቀሉ ወለሉ ላይ ተበተኑ፣ እጄ ደማ፣ እኔ ግን አላቆምሁም። ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ስትጮህ ነው የነቃሁ። እንደዚያ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው። የአያ ሞላ ሰደፍ በእኔ እጅ የገባ መሰለኝ።

ሰናይት ደሙን ጠርጋልኝ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ሙታኑንና ሕያዋኑን በየራሳቸው ወረቀት ለየቻቸው። የሕያዋኑ ወረቀት ሸጋ ሆኖ ወጣ፤ አንድ፣ አንዳርጌ። ሁለት፣ እኅቱ። ስሜው ወደ ውጭ ሮጥሁና ለአንዳርጌ ደወልሁለት። ያነሣው አያ ሞላ ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። «ልጅሽ ወንድ ሆነ።»

«ምን አደረጋችሁት?»

«የአባቱን ደም መለሰ። ትናንት ገበያ መንገድ ላይ ገዳዩን ጣለው።»

«እሱስ? እሱስ የት አለ?»

«ዱር ገባ። የሟቹ ወንድሞች እግር በእግር እየተከተሉት ነው። ተኩስ ሰምተናል፤ የማን እንደሆነ...»

ስልኩ ተቋረጠ።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነው። ልጄ በሕይወት አለ ይላል። ደግሜ ደወልሁ። ይጠራል።