ልኳን የምታውቀው ልብስ ሰፊ

ሃያ ሦስት ዓመት በሰው በረንዳ ላይ ስትሰፋ የኖረች ሴት፣ የራሷ ክፍል ተሠርቶ ሲያልቅ እንቅልፍ ይወስዳታል የሚል ካለ ሞኝ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ ልክ» የሚላት ይህች ልብስ ሰፊ፣ አንዱን ቀሚስ ሦስቴ ሳትለካ መቀስ አታነሳም። ሰሞኑን ግን ሥራ እየተወች፣ በግቢዋ ጥግ መንገድ ዳር የተሠራላትን ክፍል በመስኮቱ ማየት ሆኗል ሥራዋ። ሰኞ የስልሳ ተማሪ ዩኒፎርም ልትጀምርበት ቃል ገብታለች። የቀራት ቁልፉ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ኮንትራክተሩ ኪስ ውስጥ ነው፤ የመጨረሻው ሂሳብ ሳይከፈል አይወጣም ብሏል።

ዓርብ ጠዋት በሩን ከፈተና ሂሳቡን ሰጣት። ልስን፣ ሃምሳ አራት ካሬ ይላል። ውሉን ከቦርሳዋ አወጣች። ራሷ ያስጻፈችው ቃል እዚያ አለ፦ የሚከፈለው «በተለሰነው ልክ» ነው። ሃምሳ አራት የሚሞላው ግን በሩና መስኮቱ ሲቆጠር ነው፤ መስታወት ላይ ደግሞ ማን ይለስናል? ልቧ ዘለለ። የተያዘ ሌባ ያየች ያህል ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር።

ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ በርጩማ ላይ ወጣች። ኮንትራክተሩ ይሄ የወገብ መለኪያ ነው ብሎ ሳቀባት። እሷ እቴ! አንድ ሜትር ተኩል፣ አንድ ሜትር ተኩል እያለች፣ በጠመኔ ምልክት እያደረገች ዞረችው። ትልቁ መስኮት፣ ትንሹ መስኮት፣ በሩ፤ ሲደመር አሥራ አንድ ካሬ ባዶ። ኮንትራክተሩ ጠርዙ አድካሚ ስለሆነ በርና መስኮት አይቀነስም፣ ወጉ ይኸው ነው አለ። እሷ ግን ወደ ውሉ ጠቆመች። ያን ጊዜ አንቱታው ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«ልክሽን እወቂ!»

«ልኬንማ አውቀዋለሁ፣ ልጄ» አለች ከበርጩማው ላይ። «የጠፋው የግድግዳው ነው።»

ክፍሉን የለሰነው ግንበኛ ባልዲና መሰላሉን ሊወስድ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሳቁን ዋጠና ኮንትራክተሩን አየው።

«ለእኔ ትናንት የከፈልከኝ የአርባ ሦስት ነው። በርና መስኮት አይለሰንም ብለህ ቀነስክብኝ።»

እትዬ ልክ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ለእሷ ሲሆን የሚለሰን መስኮት፣ ለእሱ ሲሆን የማይለሰን! ኮንትራክተሩ እስክሪብቶ አወጣ፤ አርባ ሦስት ብሎ ሊያርም ሲል ግን እጁን ያዘችው። የግድግዳው ውፍረት የሚታይበትን የበሩንና የመስኮቶቹን ጠርዝ ቅድም ዙሪያውን ለክታ ነበር፤ ሦስት ካሬ ይወጣዋል። ልስን ነዋ፣ እንዴት ይቀራል?

«አርባ ስድስት ጻፍ። ሦስቱ ግን የሱ ነው፤ እዚሁ እያየሁ ትሰጠዋለህ።»

ጻፈ፤ ከፈለች። የሦስቱን ካሬ ገንዘብ ለግንበኛው ቆጠረለት፣ ቁልፉንም መዳፏ ላይ አደረገላትና ሳይሰናበት ወጣ። እትዬ ልክ ቁልፉን ጨብጣ ከግድግዳ ግድግዳ ተመላለሰች፤ ማሽኑ እዚህ፣ መቁረጫ ጠረጴዛው እዚያ እያለች ለብቻዋ አወራች።

ግንበኛው አልሄደም። የመስኮቱን ጠርዝ በመዳፉ እየዳሰሰ ቆሟል።

«አሥራ አንድ ዓመት ስለስን» አለ፣ «ጠርዝ እንደሚለካ የሰማሁት ዛሬ ነው።»

የለሰናቸውን ቤቶች መስኮት በጣቱ መቁጠር ጀመረ፤ ጣቱ አልበቃ ሲለው ተወው።