የስምንተኛ ክፍል ሰማይ

ባለፈው ሳምንት የምሠራበት ትምህርት ቤት ልጆቹን ፕላኔታሪየም ሊወስድ ተነሣ። ጣሪያው እንደ ሰማይ የጎበጠ፣ በጠራራ ፀሐይ ገብተው ከዋክብት የሚያዩበት ጨለማ አዳራሽ ነው። ለትንንሾቹ፣ ለመካከለኞቹና ለትልልቆቹ የተዘጋጀው ትርኢት የተለያየ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እኔ ስለሆንኩና ጽሑፌም ስለሚነበብ ስም ዝርዝሩን አውጪ ተባልኩ።

"በክፍላቸው ልመድባቸው ወይስ በዕድሜያቸው?" ብዬ ምክትል ርዕሰ መምህሯን ጠየቅኋት።

"ኧረ ያው አይደል እንዴ?" አለች፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

"ያው አይደለም" አልኳት። ከሚገባው በላይ ጠንከር አድርጌው ኖሮ ቀና ብላ አየችኝ።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። አባቴ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነበር፤ እኔ የመጀመሪያ ልጁ ነኝ። በሸማኔ ቤት የመጀመሪያ ልጅ እጅ አያርፍም። በመወርወሪያው ውስጥ የሚገባውን ቀሰም አነሣለሁ፣ ክሩን አጠነጥንበታለሁ፣ ለአባቴ አቀብላለሁ፣ ሌላ አነሣለሁ። ታናሽ እህቴ ደርሳ የቀኑን ሥራ ስትረከበኝ ነው አንደኛ ክፍል የገባሁት። ስለዚህ በአሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ከቁስቋም አቀበት ሥር ባለው ትምህርት ቤት፣ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። ቆማ እንኳ ትከሻዬ ላይ አትደርስም። የስምንተኛ ክፍል ወንዶች፣ በዕድሜ የሚቀርቡኝ ማለት ነው፣ ያወጡልኝ ስም "እትዬ" ነበር። "እትዬ፣ ልጅዎን ለማን ጥለው መጡ?" ይሉኛል፣ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሡ። መጽሐፌን ደረቴ ላይ ለጥፌ አልፋለሁ።

ጥር ሊያልቅ ሲል ነበር እንግዶቹ የመጡት። ያን ሰሞን የግቢያችን አቧራ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር ተደባልቆ አፍንጫ ይሰረስራል፤ በር ላይ ሴቶች የሽንብራ እሸት በእስር በእስር ይሸጣሉ፤ ሰማዩ ደግሞ ታጥቦ የተሰጣ ነው የሚመስለው። እንግዶቹ ሁለት ናቸው፤ ኮምፒውተር የያዘ ወጣትና ተራ የምታስከብር ሴት። አዳራሹ ውስጥ ጥቁር ሸራ ዘርግተው በትልቅ ማራገቢያ ነፉት። ሸራው ተነፍቶ እንደ ተደፋ ድስት ቆመ። መግቢያው በጉልበት የሚዳህበት የጨርቅ ቀዳዳ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ላሉት ጨረቃ ላይ የወጣች ጥንቸል ታሪክ፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ፕላኔቶች፣ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ግን "የዛሬ ማታ ሰማይ በአዲስ አበባ" ተባለ።

እኔ የፈለግሁት ይህን የመጨረሻውን ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ኮከቦች አሉ፤ ስማቸውን የነገረኝ ግን አልነበረም። በተለይ ሦስቱን፣ በአንድ መስመር የተሰለፉትን።

በክፍሉ ረጅሟ እኔ ስለሆንኩ ደብተር ወደ ቢሮ የምወስደው ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ደብተሩን አድርሼ ስመለስ በአዳራሹ አለፍኩ። የስምንተኛዎቹ ሰልፍ ገብቶ ሊያልቅ ነው። ሴትየዋ ቁመቴን አየችና፣ "አንቺ ደግሞ ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ፣ ልንዘጋ ነው!" አለችኝ። ውሸት አልተናገርኩም። ዝም ብዬ ተንበርክኬ ገባሁ።

ውስጡ የፕላስቲክና የካልሲ ሽታ ነበረው፤ ጫማ አውልቁ ተብለን ነበርና። መብራቱ ጠፋ። ጣሪያው በከዋክብት ሲሞላ ሁላችንም አንድ ላይ "ውይ!" አልን።

"ይኸው ልጆች" አለ ወጣቱ፣ "ዛሬ ማታ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ብትወጡ የምታዩት ይህን ነው። እንጦጦ በዚህ በኩል ነው። አሁን ስማቸውን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።"

እኔ ሦስቱን ፈለግኋቸው። አገኘኋቸው፤ ግን ወደ ምዕራብ ዘቅዝቀው ሊጠልቁ ነው። ከጥቂት ቀን በፊት፣ በጥር ማርያም፣ ከእናቴ ጋር ለማኅሌት ወደ እንጦጦ ማርያም ስንወጣ በግራችን በኩል ልክ እንዲህ ዘቅዝቀው አይቻቸዋለሁ፤ ያኔ ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ነበር። በምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ አባቴ ሥራ አቁሞ እኔ ወገቤን ላቀና ደጅ ስወጣ፣ ሦስቱ አናቴ ላይ ሊደርሱ ትንሽ ነው የሚቀራቸው።

ከተናገርኩ ማን ነሽ እባላለሁ፤ ከተባልኩ እባረራለሁ፤ ስሞቹም ያመልጡኛል። ወጣቱ ግን "ዛሬ ማታ ወጥታችሁ አመሳክሩ" ሲል አላስቻለኝም።

"ልክ አይደለም" አልኩ።

"ማነው?"

"ይሄ የምሽት ሁለት ሰዓት ሰማይ አይደለም። የሌሊት ስምንት ሰዓት ነው።"

"እንዴ፣ እትዬ ናቸው እኮ!" አለ አንዱ ከጨለማው። ሌላው ተቀበለው፤ "እትዬ ሰማዩንም አረሙት!" ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

የክፍል ኃላፊያቸው ጋሽ ታደሰ ባትሪ ፊቴ ላይ አበሩ። "ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"አራተኛ ሀ።"

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ውጪ!"

"ልክ ሲሆን ሳላይ አልወጣም።"

ሳቁ ቆመ። ለአስተማሪ እንዲህ መልሼ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላም አልመለስኩም።

"ጋሼ፣ አንዴ ይቆዩ" አለ ወጣቱ። ፊቱ በኮምፒውተሩ ብርሃን ሰማያዊ ሆኗል። "ወይኔ! ሁለት ሰዓት ብዬ ነዋ ያስገባሁት! ማሽኑ እኮ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ የእሱ ሁለት ሰዓት የእኛ ሌሊት ስምንት ነው።" ግንባሩን መታ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ ያህል፣ "አምስት ትምህርት ቤት ዞሬበታለሁ..." አለ።

አንድ ነገር ተጫነ። ሰማዩ ወደ ኋላ ዞረ። ሦስቱ ከምዕራብ ተነሥተው ወደ ላይ፣ ወደ ላይ መጡና ከአናታችን በስተምሥራቅ ቆሙ።

"እህቴ፣ እንዲህ ነው?"

"እንዲህ ነው" አልኩ።

"አየሽ አይደል? በይ አሁን ውጪ" አሉ ጋሽ ታደሰ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። ስሞቹ ሳይነገሩ ተንበርክኬ ወጣሁ። ከክፍሌ ልጆች ጋር ልገባ ስል ደግሞ ሴትየዋ "ሁለቴ የለም" ብላ መለሰችኝ፤ ስለ ፕላኔቶቹ የነገረችኝ ያቺ የአሥር ዓመቷ ጎረቤቴ ናት፣ ግማሹን እያሳሳተች። ለቅጣትም ቅዳሜ አዳራሹን ብቻዬን ጠረግሁ።

ከትርኢቱ በማግሥቱ ጠዋት ግን ከስምንተኛዎቹ አንዱ በር ላይ ጠበቀኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር።

"አየኋቸው፣ እትዬ" አለኝ። "እንዳልሽው አናት ላይ ነበሩ።"

ስምንተኛን በሃያ ዓመቴ፣ አሥራ ሁለተኛን በሃያ አራት ጨረስኩ። ይህን የሰሙ ሰዎች ስለ ዘገየሁ ያዝኑልኛል፤ የድንኳኑን ነገር ስነግራቸው ደግሞ ምነው ስሞቹን ሰምተሽ ብትናገሪ ይሉኛል። አስቤበታለሁ። የሦስቱን ስም ያገኘሁት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ጠርዙ በተበላ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ያን ቀን ማታ ደጅ ወጥቼ በስማቸው ጠራኋቸው። ዝም ብል ኖሮ እዚያው እሰማቸው ነበር፤ ግን ባልነበሩበት ቦታ። ዘግይቼ፣ በየቦታቸው ቆመው ሳሉ ማወቄን እመርጣለሁ።