ገቢ የለውም የሚል ደብዳቤ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁት የዐስር ሰላት ሰግጄ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ "መቼ ይመለሳሉ?" ሲለኝ ለሁሉም "ሦስት ወር ናት" እያልኩ መለስኩ፣ እኔም አምኜዋለሁ። ልጄ ዘይነብ በዐረብ አገር፣ ጂዛን ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ ናት። ባሏ በልብ ሕመም ድንገት ሞቶባት፣ የአራት ዓመቷን ሪምን ይዛ ብቻዋን ቀርታለች። እናቷ በሕይወት ብትኖር የምትሄደው እሷ ነበረች። ስለሌለች፣ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት እኔ፣ ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ፣ በዚያራ፣ ማለትም በጉብኝት ቪዛ፣ ሕፃን ልጠብቅ ተነሣሁ።

ቀይ ባሕርን ስንት ጊዜ በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ እንደሳልኩት አላህ ይወቀው። አሁን ከልጄ ቤት ዐሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ከአውሮፕላኑ በር ስወጣ ፊቴን የመታኝ ሙቀት የሞተሩ መስሎኝ ገለል አልኩ፤ ለካስ የአገሩ ኖሯል! እዚህ ሸሚዝ ሳትራመዱበት ይረጥባል። ማንጎው ግን፣ አልዋሽም፣ እንደሱ ያለ በልቼ አላውቅም። ለሑሕ የሚሉት ቂጣም አላቸው። ዐይኑን ሳይ እንጀራ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፤ ስቀምሰው ግን የእንጀራ ታናሽ ወንድም ነው፣ መኮምጠጥ ገና አልተማረም። ሰላምታቸው እንደኛው ረጅም መሆኑ ደስ አለኝ። ብቻ ጤናዬን ጠይቀው ሲጨርሱ፣ ዝናቡ እንዴት ነው፣ አዝመራው እንዴት ነው የሚለኝ ሰው የለም።

ሪም አማርኛ አትችልም ነበር። የኔ ዐረብኛ ደግሞ ከኪታብ የተማርኩት ስለሆነ፣ ዳቦ ልግዛ ብዬ ስናገር ባለሱቁ መስጊድ ውስጥ የዐርብ ኹጥባ የምሰብክ ይመስል እጁን አጣጥፎ ያዳምጠኛል። የሰፈሩን ዐረብኛ ሪም አስተማረችኝ፣ እኔ አማርኛ አስተማርኳት። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ "ጂዲ፣ ጫማህን አውልቅ!" ብላ በአማርኛ ስትቆጣኝ፣ ጂዲ ማለት አያቴ ማለት ነው፣ ደስታው እስከ ማታ አልለቀቀኝም።

ቪዛው አንዴ ሁለቴ ታደሰ። ከዚያ በኋላ አልታደስም አለ። ልሂድ ብዬ ሻንጣዬን ሳወርድ ዘይነብ መጥታ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት።

"አባዬ፣ አትሂድብኝ። አንተ ሳትመጣ በፊት በር ቆልፌባት ሥራ የገባሁበት ቀን ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።"

ይህን ከሰማሁ በኋላ ምን እላለሁ? በማግስቱ ሙዐቂብ ጋ ሄድን። ሙዐቂብ የሰው ወረቀት ይዞ ከቢሮ ቢሮ የሚሮጥ ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ይኸኛው ከፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ጠባብ ክፍል አለችው።

"ያ ሐጅ፣ ሥራህ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ሐጅ ገና አላደረግሁም። ጡረተኛ ነኝ።"

"ጡረተኛ ሥራ አይደለም።"

"እኔም ደስ ያለኝ ለዚሁ ነው።"

"ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የምንጠይቅልህ በልጅህ ሥር ነው፣ እሷ የምትጦርህ አባት ተብለህ። አገርህ ገቢ አለህ?"

"ጡረታዬ አለች።"

"ኸላስ! ገቢ ካለህ ልጅህ አትጦርህም ማለት ነው።"

"ጡረታዬ እኮ እዚህ ማንጎ እንኳ አትገዛም።"

"እንግዲያማ ድሃ ነህ። ድሃ ደግሞ በራሱ ኢቃማ አያገኝም።"

"ለልጄ ሀብታም፣ ለራሴ ድሃ ሆንኩ። ምን ብሆን ይሻላል?"

ሣቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። "ምንም የሌለህ ሁን። ከአገርህ ደብዳቤ አስመጣ፤ ገቢ የለውም፣ ከዚህች ልጅ በቀር የሚጦረው የለም የሚል። ያላ፣ የቀረውን ለኔ ተወው።"

መንገድ ላይ ዘይነብ፣ "ወረቀት ነው አባዬ፣ ማን ያየዋል?" አለችኝ።

"ጡረታው ሳይቆም ካስጻፍኩት ውሸት ነው" አልኳት። "ከቆመ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመቴ የት ገባ?"

በዚያ ዐርብ መኪና ከነሾፌሩ ተከራይታ ፈይፋ ተራራ አወጣችን። መንገዱ ሲጠማዘዝ፣ ጆሮዬ ሲደፈን፣ ጉም መስኮቱን ሲያለብሰው፣ የማውቀው አየር መጣ። እርከኑ፣ ቡናው፣ ድንጋይ ካቡ! ከመኪናው ወርጄ ብርድ ብርድ ሲለኝ ጋቢዬ ትዝ አለኝ፤ ዕንባዬ መጣና ሪም እንዳታየኝ ወደ ገደሉ ዞርኩ።

"ቲቸር ሰይድ!"

እታች እርከን ላይ ጆንያ የተሸከመ ጎልማሳ ቆሟል። ዑመር ይባላል፣ ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። በየመን በኩል በእግሩ የገባ፣ ወረቀት የሌለው፣ የሰው እርሻ ላይ የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ሆኗል። ስናወራ ሌላ መኪና ባለፈ ቁጥር ፊቱን ወደ ካቡ ያዞራል። የኔን ጭንቀት ነገርኩት፤ ያዝንልኛል ብዬ ነው መሰለኝ።

"ቲቸር" አለኝ፣ "ስምዎን ጽፎ 'ኑር' የሚልዎ ቢሮ ካለ ምን ያስቡታል? እኔ በሆንኩ!" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "አገር ከደወሉ ለእናቴ ደህና ነው ይበሉልኝ። ወረቀት አለው ይበሉልኝ።"

ውሸት አላስጽፍም ያልኩት ሰውዬ፣ "እሺ፣ እላለሁ" አልኩት።

ተራራውን ስንወርድ ሪም ጭኔ ላይ ተኝታለች፣ ዘይነብ ከፊት ሆና በየኩርባው ዞር እያለች ታየኛለች። "አስጽፈዋለሁ" አልኳት። እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ጉልበቴን ያዘችኝ።

ሰኞ ከቀትር በኋላ ይመር ጋ ደወልኩ። ይመር አብሮኝ ያስተማረ፣ ዛሬም እዚያው ትምህርት ቤት የሚሠራ፣ ውክልናዬን የያዘልኝ ወዳጄ ነው። አስቀድሜ የዑመርን መልእክት ለእናቱ እንዲያደርስ ነገርኩት። ቀጥዬ፣ "ጡረታዬን አስቁመህ፣ መቆሙን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፍልኝ" አልኩት።

"ሰይድ፣ አስበኸዋል?"

"አስቤዋለሁ።"

"እሺ። ታዲያ ቤትህን አንድ አዲስ መምህር ልከራይ እያለኝ ነው። ለስንት ጊዜ ልበለው?"

አፌን ከፈትኩ። ለአንድ ዓመት ልል ነበር፤ እስከፈለገ ይኑርበት ልልም ነበር። የቱም አልወጣ አለኝ።

"ሰይድ፣ ትሰማኛለህ?"

እሰማዋለሁ። ከሱ ድምፅ ጀርባ ደወል ተመትቶ ተማሪዎች እየተንጫጩ ሲወጡ፣ አንዱ ሌላውን በስሙ ሲጠራ፣ የሚሮጡበት ኮቴ ጭምር ይሰማኛል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነው ያነሳው።

"ይመር" አልኩት፣ "ትንሽ ቆይ፣ እንዳትዘጋው።"