ቡፌ ውስጥ የታፈነው ኮምፒውተር

አባቴ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ከከተማው ዳር ቱላ ባለው ቤታችን ተቀምጠው የእንሰት ሥራ ቃላትን በቋንቋችን በሲዳሙ አፎ ይጽፋሉ፤ መፋቂያው፣ መቅበሪያው፣ ቅጠሉ ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ስሞቹን የሚያውቁ ሽማግሌዎች እያለቁ ነው። የእሳቸውም ዓይን እየደከመ ነው። ሳይጨልምባቸው መጨረስ ይፈልጋሉ፤ ሌላ ጭንቀት የላቸውም።

ለዚሁ ሥራ አሮጌ ዴስክቶፕ አመጣሁላቸው። ቱላ እንደሆነ አቧራ ነው። ማሽኑ ያለበትን ኬዝ ሳሎን ያለው ቡፌ ታችኛው ሳጥን ውስጥ ከተትኩና በሩን ዘጋሁበት፤ ስክሪኑን ከላይ አስቀምጬ ዳንቴል ጣል አደረግኩበት። የክብር ቦታ ሰጠሁት ብዬ ኮራሁ።

ጠዋት ጠዋት ደህና ይሠራል። ምሳ ተበልቶ ቤቱ ሲሞቅ ድርግም ይላል። አባቴ ሴቭ ማድረግ ስለሚረሱ ግማሽ ገጽ፣ አንዳንዴም ሁለት ገጽ ይዞባቸው ይጠፋል። መሃል ከተማ ቢሮዬ ይደውሉልኛል።

«ስሚኝ ልጄ፣ ደግሞ ጠፋ።»

«ምን ነክተው ነው?»

«ኧረ ምንም!»

«አባባ፣ ዝም ብሎ እኮ አይጠፋም! ገመዱን በእግርዎ እየመቱት ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግራቸውን ወንበሩ ሥር አጣጥፈው መጻፍ ጀመሩ። እንደዚያ ተቀምጠው አየኋቸው፤ አላዘንኩም። ትዕግሥት የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለኝም።

ማሽኑን ከተማ ወስጄ ለኮምፒውተር ጠጋኝ ሰጠሁት። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከፈተው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ዋለ። «ምንም የለበትም» አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? መልሼ ቡፌው ውስጥ ከተትኩትና «እሱ ጤነኛ ነው፤ እንግዲህ ጥፋተኛው እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። እየሳቅኩ ነው ያልኩት። እሳቸው አልሳቁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። በእጃቸው የጻፉትን ልገለብጥላቸው ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ድርግም አለ። እጄ የሻይ ብርጭቆ ይዟል፤ እግሬ ከገመዱ አጠገብ የለም። የቡፌውን በር ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ፤ ኬዙ አያስነካም። ለካ ማቀዝቀዣው ፋን በተዘጋ ሳጥን ውስጥ የሚስበው ራሱ የተፋውን ትኩስ አየር ነው። ፕሮሰሰሩ ሲግልበት ማሽኑ እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። ጉድ ነው! ያፈንኩት እኔ፣ የተወቀሱት እሳቸው። አፈርኩ።

ኬዙን አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ሰኞ ከሥራ ስመለስ አንድ ፋንና ሙቀት እንዲያስተላልፍ ፕሮሰሰር ላይ የሚቀባውን ፔስት ገዝቼ መጣሁ። ጎኑን ፈትቼ አቧራውን በቀለም ብሩሽ አራገፍኩ፤ የደረቀውን ፔስት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። አዲሱን ፋን ከኋላ ገጠምኩት፤ ሥራው ትኩሱን አየር ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። ልፈትነው ሶፍት ሳስጠጋበት ግን ገፍቶ እንደማራቅ ስቦ ለጠፈው። ገልብጬ ነበር የገጠምኩት። ፈትቼ አዞርኩት። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቄ ቤት ዋልኩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የጣሪያው ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ፣ ማሽኑ አልጠፋም።

አባቴን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። «እርስዎ አልነበሩም፤ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«ተዪው ልጄ፣ ምን አለበት» አሉ።

ወንበሩን ሳብኩላቸው፤ ተቀመጡ። እግራቸውን እንዲዘረጉ ነገርኳቸው፤ ዘረጉ። ከጎናቸው ቆሜ ጠበቅኩ፤ አይጽፉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ፊት ቆመው ያስተማሩ ሰው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ልንካው?» አሉኝ።