የኣቦይ ኣለምሰገድ የባሕር መንገድ

በመቐለ፣ በቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ኣቦይ ኣለምሰገድን የማያውቅ የለም። ባሕረኛ ነበሩ ብሎ የሚያምን ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አልነበረም። እንዴትስ ይመን? ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዓይናለም የውሃ ጉድጓዶች ላይ ፓምፕ ሲጠግኑ የምናውቃቸው ሰው፣ ቁጭ ባሉ ቁጥር «እኔ ምጽዋ በባሕር ኃይል ሳለሁ፣ ሠላሳ ሜትር ወርጄ፣ የመርከቡን ሆድ በእጄ እየዳሰስኩ…» ሲሉ ማን ሳይስቅ ይሰማል?

ከሁሉ የባሰው ቀልደኛ የጨርቅ ነጋዴው ይማም ነበር። ይማም ከወሎ መጥቶ እዚሁ ያረጀ ሰው ነው፤ ሱቁ በር ላይ ባለችው ወንበር ጧት ከተቀመጠ ለደንበኛም አይነሳም፣ በጣቱ እያመለከተ ነው የሚሸጠው። ኣቦይ ኣለምሰገድ ብቅ ሲሉ «አድሚራል! ባሕሩ ዛሬ እንዴት አደረ?» ይላቸዋል። እሳቸውም ከጎኑ የጣውላ ሣጥን ላይ ይቀመጡና ይጀምራሉ። ወሬው ሲሞቅ ይማም ያቋርጣቸዋል። «ሁሉም ደግ፤ ማስረጃ አለህ? ማህተም ያለው?»

ማስረጃማ ነበራቸው። የባሕር ጠላቂ ሁሉ ደብተር አለው፤ የት እንደጠለቀ፣ ስንት ሜትር እንደወረደ ይጻፍበታል፣ አለቃው ማህተም ያደርግበታል። የእሳቸው ደብተር በሰባ ሁለት ዓ.ም. ተጀምሮ በሰማንያ ሁለት፣ ምጽዋ በጦርነት ስትናወጥ፣ እዚያው ቀረ። የለበሱትን ብቻ ይዘው ነው ነፍሳቸውን ያተረፉት። እናም ያ ሁሉ ዓመት ያለ ማህተም ቀረ፤ ማህተም የሌለው ነገር ደግሞ በኛ አገር እንዳልተደረገ ነው።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ዮርዳኖስ። ዓዲ ሓቂ ያለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ስለ ባሕር እንስሳት ስታስተምር ተማሪው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማት ይባላል፤ እሷ ግን ባሕር በዓይኗ አይታ አታውቅም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ውሸት ነው! ይቺ ልጅ ያላየችው ባሕር ሲናፍቃት ነው ያደገችው። አምና እሷና ሰባት መምህራን ጓደኞቿ ተሰባስበው፣ በከተማው በአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ፣ የአየር ሲሊንደር አዝሎ መጥለቅ ተማሩ። ከዚያ ለጥር መጀመሪያ፣ የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት ሳይከፈት፣ ወደ ጅቡቲ ሊሄዱ ቆረጡ። በዚያ ወር ሚኒባስ የሚያህለው ነጠብጣባሙ ሻርክ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል፤ ዮርዳኖስ ደግሞ እሱን ሳታይ መሞት አትፈልግም።

መንገዱን ያወጣው ሓየሎም የሚባል የጉዞ ወኪል ነው። ትሑት ልጅ ነው፣ ሥራውን ይወዳል፣ ኮምፒውተሩን ደግሞ ከሥራውም አብልጦ ይወዳል። ዮርዳኖስ የመጨረሻውን ለመወሰን ስትሄድ አባቷን ይዛቸው ሄደች። ደስ ይበላቸው ብላ ነው እንጂ፣ ያማክሩኛል ብላ አይደለም።

ሓየሎም ወረቀቱን ዘረጋ። መጀመሪያ ሻርኩ፤ እሱን ፍለጋ ከውሃው በላይ በመነጽር መዋኘት ብቻ ነው። ያኔ ባይገኝ ሌላ ቀን ይሞከራል። ከዚያ ሦስት ቀን ደሴቶቹ ዘንድ በጥልቀት መጥለቅ፤ ኤሊው፣ ኮራሉ፣ ክንፋሙ ዓሣ። በሦስተኛውና በመጨረሻው ቀን ጧት የመሰናበቻ መጥለቅ፣ ቀትር ላይ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሳያርፉ ወደ መቐለ።

ኣቦይ ኣለምሰገድ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይሄ መንገድ ሰው ይገድላል።»

ሓየሎም ደነገጠ። «ኣቦይ፣ የገንዳው አሠልጣኝ ያለው እኮ ከጠለቃችሁ በኋላ አውሮፕላን እንዳትሳፈሩ ነው። እኛ በመኪና ነን!»

«ልጄ፣ መቐለ ራሷ የት ያለች መሰለህ? ከባሕሩ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ እኮ ነን። በክንፍ ወጣህ በጎማ ወጣህ፣ ለደምህ ምኑ ነው?»

ሓየሎም ዮርዳኖስን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና ኣቦይ… ጠላቂ ለመሆንዎ ማስረጃ አለዎት?» አለ።

የይማም ቀልድ ሲሆን ለምደውታል። ይሄ ግን ቀልድ አልነበረም። ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ዮርዳኖስ አንገቷን ደፍታ ጣቶቿን ታያለች። እውነት ለመናገር፣ ከጥያቄው ይልቅ ያ አንገት መድፋት ነው አንጀታቸውን የቆረጠው።

ተቆጥተው ይወጣሉ ብሎ የጠበቀ አላወቃቸውም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ያልተከፈተ የአምቦ ውሃ አነሱ።

«አየህ? ጸጥ ብሏል። ጋዙ ግን ውስጡ ነው፤ ክዳኑ አፍኖ ይዞታል። ጥልቅ ውሃም በደማችን የገባውን ጋዝ እንደዚህ ነው አፍኖ የሚይዘው።» ክዳኑን ጠመዘዙት። ሽሽሽ ብሎ አረፋው ከታች እየተጣደፈ ወጣ። «ተራራ ላይ ስትወጣ ክዳኑ ተከፈተ ማለት ነው። ኣንዶም የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ጧት አብረን ጠለቅን፤ ከሰዓት የእህቱ ሠርግ ነበርና በጭነት መኪና ወደ አስመራ ወጣ። ዳገቱ ላይ ያለችው ነፋሲት ሳይደርስ ጉልበቱ ከዳው። በሠርጉ ላይ ሊጨፍር የሄደ ልጅ፣ በሸክም ገባ። ዳግመኛ ቀጥ ብሎ አልሄደም።»

ዮርዳኖስ ቀና አለች።

«አባ፣ ኣንዶምን ነግረኸኝ አታውቅም።»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እሺ፣ በየት እንሂድ?»

ያኔ እስክሪብቶ ተቀበሉ። ኩራታቸውን ባያችሁ! የሓየሎምን ወረቀት ገልብጠው በጀርባው ሥዕል ሠሩበት። መጥለቁ መጀመሪያ፣ ሁለት ቀን ብቻ። ሻርኩ በመጨረሻው ቀን፣ ከላይ በመዋኘት። ከዚያ ገና ቆላው ላይ፣ ሰመራ ማደር፤ ደም ሲያርፍ፣ በማግስቱ ቀስ ብሎ ወደ ደጋ መውጣት።

«አንድ የመጥለቂያ ቀን ከሰርን» አለ ሓየሎም። «ሻርኩም በዚያች አንድ ቀን ባይመጣስ? ሌላ ዕድል የለም።»

«አልመጣም እንበል። ልጄ ግን በእግሯ ትመጣለች።»

ዮርዳኖስ ወረቀቱን ወሰደች። «በአባቴ መንገድ እንሄዳለን» አለች።

ይህን ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ መጠበቁ ነው። ልጆቹ ከሄዱ ወዲህ ኣቦይ ኣለምሰገድ እህል አልበላ አላቸው። ስምንት ሰው ስንት ዓመት የተመኘውን ሳያይ ቢመለስ፣ «የዚያ ሽማግሌ ተረት ጉድ ሠራን» ሊል ነው። ይማም እንኳ ፊታቸውን አይቶ ቀልዱን ተወ። የሻርኩ ቀን ስልክ ቢሞክሩ ቢሞክሩ አይሠራም። የጮኸው አመሻሽ ላይ ነው።

«አባ! ሰመራ ደርሰናል።»

«መገጣጠሚያሽን ያምሻል?»

«ምንም አያመኝም።»

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። አባ፣ አየሁት እኮ! ሦስት ነበሩ። አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ ነጠብጣቡን መቁጠር እችል ነበር።» እየሳቀች ነው፣ እያለቀሰችም ነው። እሳቸው ስልኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

በማግስቱ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ሰጠቻቸው፤ የጠላቂ ደብተሯን። የጀልባው አለቃ በጅቡቲ ባሕር ላይ ያረጀ ሰው ነው፤ ከየት እንደመጡ ሰምቶ፣ የጉዞውን ወረቀት ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች ተመልክቶ፣ «ይህን ያወጣው ሰው ባሕሩንም ተራራውንም ያውቃል። ማን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ዮርዳኖስም መልሱን በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእጇ ጻፈች፤ እሱም ፈረመና ማህተሙን መታበት።

ኣቦይ ኣለምሰገድ ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ደብተሩን በመሐረብ ጠቅልለው ኮታቸውን ለበሱ።

«አባ፣ ወዴት ነው?»

«መጣሁ።»

ይማም ወንበሩ ላይ ነበር። «አድሚራል! ባሕሩ እን—» ብሎ ሳይጨርስ ደብተሩን ጭኑ ላይ አኖሩለት። ይማም መነጽሩን ፈልጎ፣ ጮክ ብሎ፣ እንደ ማመልከቻ ማንበብ ጀመረ። «መንገዱን የመረጠው፦ የባሕር ኃይል ጠላቂ ኣለምሰገድ፣ አባቴ።» ከታች ያለውን ክብ ማህተም በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

ከዚያ፣ ለደንበኛ እንኳ ተነስቶ የማያውቀው ይማም፣ ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ወንበሩን በእጁ አራግፎ ወደ ኣቦይ ኣለምሰገድ አስጠጋት።

«ተቀመጥ፣ ወንድሜ» አለ፤ እሱም የጣውላው ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። «በል እስቲ፣ ያንን የመርከቡን ሆድ ነገር ከመጀመሪያው ጀምረህ አጫውተኝ።»