ለጊኒ ፒግ ጉርሻ

ምግብ ቤታችንን ለልጃችን ካስረከብን ወዲህ የማጎርሰው ሰው አጣሁ። እዚህ ካምፓላ ስንት ዘመን በየገበታው እየዞርኩ «በሞቴ!» እያልኩ የደንበኛ አፍ ሳስከፍት ኖሬያለሁ። ወጡን የምትሠራው ባለቤቴ ነበረች፤ እኔ ሌላ ሙያ ስለሌለኝ አጎርስ ነበር።

ቤት ስንውል ባለቤቴ ከጎረቤት አንዲት ጊኒ ፒግ ተቀብላ መጣች፤ ጅራት የሌላት፣ አይጥ እንዳልላት ጥንቸል የምትመስል፣ ድብልብል ያለች ፍጥረት።

«ምን ልታደርጊያት ነው?» አልኳት።

«ከአንተ ሌላ የማነጋግረው ባገኝ ብዬ ነዋ!»

ለካ እርጉዝ ኖራ፣ ሦስት ወለደች። ጡቷ ግን ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱ ወፍራሞች ጡቱን ሲይዙ ትንሹ እየተገፋ ዳር ቀረ። ከምግብ ቤቱ በተረፈው ሚዛን ላይ ብናስቀምጠው፣ ሚዛኑ እንግዳ መምጣቱንም ያወቀ አልመሰለኝ።

በቅርጫት ይዘነው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አንድ ቦዳ፣ ያን የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ላይ ተጣብቀን ናካዋ ወዳለችው የእንስሳት ሐኪም ሄድን። የሚበጠበጥ ወተትና መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጠችን። «ጠብታ በጠብታ ስጡት፤ እስኪውጥ ጠብቁ። እንዳትገፉ። በዚህ ከሲታነቱ አንዴ ቢያንቀው አይተርፍም» አለች።

ማጎረስማ የእኔ ሙያ አይደል? ስሪንጁን ያዝኩ። የመጀመሪያዋን ጠብታ ላሰ። ምላሱ የስንዴ ፍሬ አታህልም፤ ልቤ ቅልጥ አለ። መቼም አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ እኔም ከዚህ ሚጢጢ ጋር መጣላት አልፈለግሁም። ፊቱን ሲያዞር ይሉኝታ መሰለኝ። ደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል።

«በሞቴ! አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ብዬ ገፋሁት።

ወተቱ በአፍንጫው ወጣ። አስነጠሰ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ከዚያ መዳፌ ላይ ዝርግት አለ።

ባለቤቴ ነጥቃኝ፣ ጭንቅላቱን ዘቅዘቅ አድርጋ አፍንጫውን መጥረግ ጀመረች። «አንተ ሰውዬ! በሞቴ ያልከው በእሱ ሞት ነው እንዴ?»

እሱ ትንፋሽ ሲያገኝ እኔም አብሬ ተነፈስኩ።

ስሪንጁ ከእጄ ወጣ። የእኔ ሥራ፣ እሷ ካበላችው በኋላ እንዲጸዳዳ ቂጡን በርጥብ ጥጥ መጥረግ ሆነ። በስተርጅና ከጋባዥነት ወደ ጽዳት ክፍል ተዛወርኩ። ግን አልዋሽም፣ ጥሩ ሥራ ነበር፤ ስጠርገው ዓይኑን ጨፈን ያደርግልኛል።

ትንሹ ክብደት እየጨመረ ሄደ። አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ስሪንጅ ካላየ አይበላም። ወንድሞቹ ሣሩን ሲያጭዱ እሱ እኛን ቀና ብሎ ይጮሃል። ሐኪሟም ወተቱን ቀንሱበት፣ ቅጠል አቅርቡለትና ተዉት አለች። ተዉት! እንግዳ እየራበው ተዉት! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ከባድ ትእዛዝ ተቀብዬ አላውቅም።

ከገበያ የመጣውን ዶዶ፣ ያን የዚህ አገር ጎመን፣ አንዲት ቅጠል ይዤ፣ ሌላዋን አጠገቤ አድርጌ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ጉልበቴ ተንቋቋ።

«መነሻውን አስበህበታል?» አለች ባለቤቴ።

«መጀመሪያ ይብላ።»

ትንሹ ጮኸ። አልገፋሁም። በሞቴም አላልኩ፤ ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። ቀረበ፣ ጣቴን አሸተተ፣ ሸሸ፣ ተመለሰ። ከዚያ የቅጠሏን ጫፍ ነከስ አድርጎ ከእጄ ጎተታትና እያንኮሻኮሸ በላት። ራሱ ጎረሰ! እንባዬ መጣ፤ ለባለቤቴ ግን አቧራ ነው አልኳት።

ወዲያው እጄ ሳላዘው ወደ ሁለተኛዋ ቅጠል ሄደ።

«እጅህን!» አለች ባለቤቴ።

እጄን ከነቅጠሉ ጀርባዬ ላይ አደረግሁ። ትንሹ አፉን ጠረገና አየኝ። ከዚያ ቱስ ቱስ እያለ፣ ዞሮ ዞሮ፣ ጀርባዬ ላይ ወጥቶ ቅጠሏን ፈልጎ አገኛት።